ልቅሶህን ሳልደርስ

ውድ ዕዝራ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅህን ያልረገጠ ሰው ዛሬ ተነስቶ ስለ ጤናህ ቢጠይቅህ ብትስቅበት አይፈረድብህም። እኔ ዮፍታሔ ነኝ። አሰላ ነኝ፤ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ፊዚክስ። ጭላሎ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ ነው የዋለው። ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ በስልክ ግን እኔ ብቻ እንደማወራ ታውቃለህ። ወረቀት ይሻላል። ከሰለቸህ ታስቀምጠዋለህ፤ አንተም አታቋርጠኝም፣ እኔም አላቋርጥህም። ሰውን ማቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ዘግይቶ ነው የገባኝ። የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

ከባጃጆቹ ልጀምር። ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ እኔ ቃሉን አመጣ ነበር፣ አንተ ቀለሙን። ሰው ስለ እምነታችን ጥያቄ ወደምንመልስበት የቅዳሜ አዳራሽ ካልመጣ መልሱ ራሱ ወደ ሰው ይሂድ ብለን፣ በየባጃጁ ጀርባ አጫጭር ክርክር እንጽፍ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያሰብኩ፣ አንተ መሬት ላይ ተንበርክከህ። «ሠሪ የሌለው ባጃጅ አይተሃል?» የሚለውን ለሊበን የጻፍክለት ቀን ትዝ ይልሃል? ሙስሊም ሆኖ ሳለ «አቦ፣ ይሄኛው ለሁላችንም ይሆናል» ብሎ ራሱ ነው የመረጠው። ጨርሰህ ስትነሳ ዞሮ አነበበውና «ሠሪውንማ አውቀዋለሁ፣ ሕንድ ነው» አለ። አንተ ብሩሽህን ጥለህ ሳቅክ። እኔ ላስረዳው ጀመርኩ።

ልጅህ ሀሴት ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። እናንተ ስትስቁ እኔ ሳስረዳ፣ እጇን ቢጫው ጣሳ ውስጥ ነክራ ከጽሑፉ ሥር ለጠፈችው። ልትጠርገው ጨርቅ አነሳህና ተውከው። «ፊርማዋ ነው» አልክ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሀሴት ፊርማ ከግቢህ የወጣ ባጃጅ የለም።

አሁን አሰላ ውስጥ ስንት ትንሽ ቢጫ እጅ እንደሚዞር ታውቃለህ? እኔ ዘጠኝ አውቃለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ አንዱ ይቀድመኛል። መናኸሪያው በር ላይ አንዱ ቆሞ ይጠብቀኛል። የኔ ቃላት በዝናብና በፀሐይ ለቀዋል፤ «ሠሪ የሌ» ብቻ የቀረበት ሁሉ አለ። እጁ ግን አልለቀቀም። ምክንያቱን ባለሙያው አንተ ታውቃለህ፤ ምናልባት ሕፃን ቀለም ስለማይቆጥብ ይሆናል። ፈሪ እንዳልሆንኩ ታውቃለህ፣ ስንቱን ተከራካሪ ፊት ለፊት ገጥሜያለሁ። ባጃጅ ሲመጣ ግን ጀርባውን እንዳላይ ወደ ሱቅ መስኮት እዞራለሁ። የማልገዛውን ሳሙና ስንት ጊዜ ዋጋ ጠየቅኩ መሰለህ።

ቪዲዮውን ሳታየው አትቀርም። «ልጁን ቀብሮ ያልተሸነፈው አባት» ነው ርዕሱ፤ ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ቆመሃል፣ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኔ ክንድህን ይዣለሁ። ወደ ጆሮህ ጠጋ እላለሁ። አንተ ቀና ትልና ከሁሉም በላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትዘምራለህ፤ ዓይንህ ደረቅ ነው። ያን ቪዲዮ ከአሰላ እስከ የት የት ያላየው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ትንሣኤ ሳስተምር ሦስት ማስረጃ ከታሪክ አቀርብና አራተኛው አንተ ነበርክ። «ታሪክ ካላሳመናችሁ ይህን ሰው እዩት፤ ሐሰት ሰውን እንዲህ አያቆምም» እላለሁ። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሁለት ዓመት ሙሉ አስጨበጨብኩብህ።

ባለፈው መጋቢት ግን ከኋላ የተቀመጠች ትንቢት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጆሮው ላይ ምንድነው የሚነግሩት?»

«እያጽናናሁት ነበር» አልኳት።

«እሺ። ከዚያ በፊት የሚሰማው ድምፅስ ምንድነው?»

«የምን ድምፅ?»

«ከመዝሙሩ ሥር አለ። ከፍ ያድርጉትና ይስሙት።»

ከፍ አደረግኩት። አለ። ከጉሮሮህ የወጣ አጭር ድምፅ ነው፤ በአሰላ ብርድ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር እምቢ የሚል ሞተር ይመስላል። ልጅቷ ሳትነግረኝም አውቀው ነበር፤ ያን ቀን ክንድህን ይዤ በእጄ ሰምቼዋለሁ። «የስፒከሩ ችግር ነው» አልኳት። በአንድ ደቂቃ ሁለት ውሸት ዋሸሁ፣ ያውም ለእውነት ስሟገት። ልጅቷ «እሺ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች። አላመነችኝም።

ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ አልለቀቀኝም። ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ያለው ሰው ስልኩን ሲከፍት፣ ሳላይ በድምፁ አወቅኩት። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያስል ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። እየጸለይኩ እንኳ፣ ትንሽ ዝም ስል ይመጣል። ለሰው ብነግር ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ያስጠናኋቸው እኔው ነኝ።

አሁን ያን ሐምሌ ልንገርህ። ታውቀዋለህ፤ ግን ከኔ አፍ ሰምተኸው አታውቅም። ሰኞ ሳል ጀመራት፣ ሐሙስ አልነበረችም። ድንኳኑ በዝናብ ከብዶ ወደ መሃል ጎብጦ ነበር። የእድሩ ሰዎች በቀኝ ተቀምጠዋል፣ አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች። የሰፈሩ ሙስሊሞች በግራ። እኛ ጴንጤዎቹ በመሃል። እኔ ያን ድንኳን እንደ ልቅሶ ቤት አላየሁትም፤ እንደ መድረክ ነው ያየሁት። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሸራ ሥር ተሰብስቦ እኛን ሲያይ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። የእኛ ሰው ሞቶበት አያለቅስም፣ ይዘምራል፤ ይህ ከመቶ ስብከት ይበልጣል ብዬ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ።

እማማ ተሻለች ከዲክሲስ ሲደርሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አማችህ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ያችን ልጅ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው። ከበሩ ጀምረው ሙሾ አወረዱ፦

«ቀለም የነካው እጅሽ ገና ሳይደርቅ፣»

ሴቶቹ ሊቀበሏቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ተነስቼ መንገዱን ዘጋሁ። «እማማ፣ እዚህ ቤት እንዲህ አይለቀስም። እኛ ተስፋ እንደሌላቸው አናዝንም» አልኳቸው።

አዩኝ። «ታዲያ እንዴት ነው የሚለቀሰው፣ ልጄ?» አሉ።

ሽሙጥ አልነበረም። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ፤ የሚነገራቸውን ሊያደርጉ። በሕይወቴ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ያልሞከርኩለት እሱ ብቻ ነው። ወንበር አሳየኋቸውና ለመዘምራኑ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ጓዳ ውስጥ ባለቤትህ እታገኘሁ ስትጮኽ ሴቶቹ «በጌታ ተጽናኚ» እያሉ አፏን በነጠላ ያዙት። ይህን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም፤ ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ነው ትከሻህ የተነቃነቀው። ያ ድምፅ ወጣ። ክንድህን ጠበቅ አድርጌ ይዤ በጆሮህ ምን እንዳልኩህ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ አንተም አልረሳኸውም። «እንዳታለቅስ። ሰፈሩ ሁሉ እያየን ነው። ዛሬ ካለቀስክ የሰባት ዓመት መልሳችን ሁሉ ውሸት ነበር ይላሉ።» አንተ እሺ አልክ። ልጅህን ቀብረህ የመጣህ ቀን እንኳ እሺ አልከኝ። ከዚያ ዘመርክ።

ቪዲዮውን ዛሬ ሳየው ከጀርባችን ጥግ ላይ አንድ ሰው ይታያል። ፎጣውን ዓይኑ ላይ አድርጎ የሚንሰቀሰቅ። ሊበን ነው። ከወንዶቹ ሁሉ ለልጅህ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔም ያኔ ልቤ ውስጥ «ምስኪን፣ ተስፋ የለውም» ብዬዋለሁ።

ክፋት አልነበረም ዕዝራ። የማምነውን ነው ያደረግኩት፤ አንተንም የማጸናህ መስሎኝ ነበር። ይኸው፣ ደግሞ መከራከር ጀመርኩ። ዐቃቤ እምነት እየተባልኩ ስኖር እምነቱን የጠበቅኩበት ቀን ስንት እንደሆነ፣ ራሴን የጠበቅኩበትስ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ የባሰውን ልንገርህ። ሦስት ወር ቆይቶ እታገኘሁ ልብሷን ጠቅልላ ወደ እናቷ ስትሄድ በኛ በር በኩል ነበር ያለፈችው። «ለልጁ አንድ ዘለላ እንባ ያልነበረው ሰው ጋ እንዴት አድራለሁ?» አለችኝ። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ትመለስ ነበር። «ጸልዪበት» አልኳት። አንተም አልነገርካትም፤ ለምን እንዳልነገርካት ሁለት ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም። ምናልባት በጆሮህ ያልኩህ አደራ መስሎህ ይሆናል። ከዚያ አንተም ብሩሽህን ይዘህ ከከተማው ጠፋህ። እኔ ቪዲዮውን ማሳየት ቀጠልኩ።

ትንቢት ከጠየቀችኝ ሳምንት በኋላ ገበያ ላይ ዶፍ ያዘኝና ሳላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ የሊበን ሆኖ ተገኘ። ገና ስቀመጥ በመስታወቱ አየኝና እንደ ልማዱ በኦሮምኛ መምህር ብሎ ጠራኝ።

«ባርሲሳ፣ ጠፋህ። ባጃጄን እየሸሸህ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ዓይኔ አለ። ፊትህን ወደ ሱቅ ስታዞር ሁልጊዜ አይሃለሁ።»

ስወርድ ጀርባውን አየሁት። ሙሉውን እንደ አዲስ አስቀብቶታል፤ የኔ ጽሑፍ የለም። እጇን ግን ዙሪያዋን በነጭ መስመር ከቦ ትቷታል።

«ይህን አልቀባኸውም?» አልኩት።

«አቦ፣ የሰው ፊርማ ይፋቃል እንዴ?» አለ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። «ዕዝራ ዴራ ነው። የሱቅ ስም ይጽፋል። ጥቅስ ጻፍልን ሲሉት እምቢ ይላል አሉ።» ወደ እኔ ዞረ። «ባርሲሳ፣ እኔ ያን ቀን ከኋላችሁ ነበርኩ። በጆሮው ያልከውን ሰምቻለሁ። አማርኛው ጠፍቶኝ አይደለም፣ ማመን ነው ያቃተኝ። አንድ ጊዜ ጌታ የምትሉት ያለቅሳል እንዴ ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

ታስታውሳለህ፣ አንተም ነበርክ። ግቢህ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አስረድቼዋለሁ። በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፣ ፍጹም ሰው ስለሆነ ነው፣ ይህም ድካም ሳይሆን ማስረጃ ነው እያልኩ። አንተ «በቃ፣ ሰውየው ገብቶታል» እስክትለኝ ድረስ።

«ያኔ አላመንኩህም፣ አሁንም የኔ ሃይማኖት ሌላ ነው» አለ ሊበን። «ግን አንተ ታምናለህ አይደል? የአንተ ጌታ ካለቀሰ ዕዝራን የከለከለው ማነው?»

ስንት ዓመት የመለስኩ ሰው፣ ሂሳቡን ከፍዬ በዝናቡ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን አነበብኩት፤ ቃል በቃል የማውቀውን። አልዓዛርን ሊያስነሳው ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ጌታ ይህን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ማርያም ስታለቅስ ሲያይ «አታልቅሺ፣ አሁን ይነሳል፣ ሰዎቹ እያዩን ነው» አላላትም። አለቀሰ። እኔ ያን ቁጥር በማስረጃነት ስንት ጊዜ ጠቀስኩት፤ እንዲህ አድርጉ ተብሎ የተጻፈ መሆኑን አላየሁም። ከጌታ የበለጠ ተስፋ ነበረኝ እንዴ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ቪዲዮውን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። ያ ድምፅ ጋ ሲደርስ አቆምኩትና ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። በጆሮህ ያልኩትንም ነገርኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ትንቢት አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ከማስተማር እረፍ ብለውኛል፤ ልክ ናቸው። ከራሴ ገጽ ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ከየሰው ስልክ ግን የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። ለዚህ ይቅርታህን መጠየቅ እንኳ ያሳፍረኛል፣ ግን እጠይቅሃለሁ። ይቅር በለኝ።

ከዚያ ዲክሲስ ሄድኩ። እታገኘሁ ደጅ ላይ ስንዴ እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቆሜ። እስክጨርስ እጇ መልቀሙን አላቆመም። ከዚያ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው።

«እሱ ነው ሂድና ንገራት ያለህ?»

«አይደለም። የት እንዳለ እንኳ ሰሞኑን ነው ያወቅኩት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጨካኝ እያልኩ ስረግመው ነበር» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄን አንተ አልገደልካትም። ልቅሶዋን ነው የገደልከው።» ተነስታ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግባም አላለችኝ።

እማማ ተሻለች ናቸው ያስገቡኝ። እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ዕዝራን ልቅሶ ደርሰኸዋል?» አሉ።

«ሦስቱንም ቀን ነበርኩ እኮ፣ እማማ።»

«መኖርህንማ አይቼሃለሁ፣ በር ላይ የቆምከው አንተ አይደለህ? ልቅሶ ደርሰኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«አልደረስኩም።»

«እንግዲያው ድረሰው። ካገር ርቆ የከረመ ሰው በዓመቱም በሁለት ዓመቱም ይመጣ የለም? ሲመጣ እንደ አዲስ ይለቀሳል። እኔም እሄዳለሁ። እኔም አልጨረስኩም።»

እንባ እምቢ ቢለኝስ እንዳልኳቸው ሳልደብቅ ልንገርህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለምንም አልቅሼ አላውቅም፤ አንተን ያሰርኩበት ገመድ እኔንም ሳያስረኝ አልቀረም። «አንተ ድምፅህን ስጥ፣ እንባው መንገዱን ያውቃል» አሉኝ። ወጥቼ ስሄድ ደፍሬ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ያቋረጥኩባቸው ሙሾ ቀጣይ ስንኙ ምን ነበር?

«ለአንተ አልተገጠመም፣ ለአባቷ ነው» አሉ። «እሱ ሲሰማው ትሰማዋለህ።»

እንግዲህ ቅዳሜ እንመጣለን። ሊበን በባጃጄ አደርሳችኋለሁ ብሎ ነበር፤ እማማ «በዚያ ቁልቁለት ሌላ ልቅሶ ልትጨምር ነው?» ስላሉት በሚኒባስ ነው የምንመጣው፣ እሱም አብሮን። እታገኘሁ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። ትናንት ነጠላዋን አጥባ ማስጣቷን ግን እማማ በስልክ ነግረውኛል። ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጥህም፤ ተስፋ አበዛሁብህ።

መልስ ይዤ አልመጣም። ለምን ሞተች ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም እልሃለሁ። ትነሳለች ብዬ አምናለሁ፤ ይህ አልተለወጠም፤ ግን ይህን ቅዳሜ አላነሳብህም። አትግቡ ብትለን በር ላይ እንቀመጣለን። ብትሰድበኝ እሰማለሁ። ብታለቅስ ክንድህን አልይዝህም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከኢተያ የሚመጣው መኪና የሚቆምበት አካባቢ ጩኸት ትሰማለህ። ጎረቤቶችህ ማን ሞተ ብለው ይወጡ ይሆናል። አንተ ግን እንዳትደነግጥ፤ ሀሴት ናት። የምንጮኸው እኛ ነን።

ልቅሶህን ያልደረሰው ወዳጅህ፣
ዮፍታሔ